ከድመቶቹ ይልቅ የውሻው ማደሪያ፤ መዥገርን ከግቢ የማስወጣት ሥራ ማስታወሻ

ግንቦት፣ የመጨረሻው ሳምንት

ቢሾፍቱ በሚገኘው ግቢያችን ሁለት ድመቶችና አንድ ውሻ አብረው ይኖራሉ። ዳማ የምትባለው ሴቷ ድመት ከቤት እምብዛም አትርቅም፤ ወንዱ ጥቁሬ ግን ሌሊቱን ከአጥር ውጭ ባለው ሣር ውስጥ አይጥ ሲያድን ያድራል። ውሻው ቡቺ የሚተኛው ከዋናው በር አጠገብ በእንጨትና በጭቃ በተሠራው ማደሪያው ውስጥ ሲሆን፣ ከሰዓት በኋላ ዳማም ከጎኑ ገብታ የመተኛት ልማድ አላት። ይህን አስቀድሜ የማሰፍረው ሰሞኑን በሁለቱም ድመቶች ላይ መዥገር በመታየቱና ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ እያንዳንዳቸው የት ውለው የት እንደሚያድሩ መመዝገብ ስላስፈለገ ነው።

ዛሬ ሁለቱንም ከራስ እስከ ጅራት መረመርኳቸው። ድመት ሰውነቷን በምላሷ አዘውትራ ስለምታጸዳ አብዛኛውን መዥገር ገና ሳይጣበቅ ታስወግደዋለች፤ የሚተርፈው ምላሷ በማይደርስበት ቦታ የሰፈረው ነው። ስለዚህ ፍተሻው የጆሮን ውስጥና ሥር፣ አገጭን፣ አንገትን፣ የዐይን ሽፋን ዳርቻንና የጣቶችን መሐል ካላካተተ ከንቱ ድካም ነው። በሆድ በኩል በጣት የሚዳሰሰውን እብጠት ሁሉ መዥገር ነው ብሎ መጎተትም አይገባም፤ ወንድ ድመትም ጡት አለው፣ ጡቶቹም በሁለት ረድፍ ትይዩ ሆነው ይገኛሉ። የሚያጠራጥር ነገር ሲገኝ ጠጉሩን ገልጦ በማጉያ መነጽር ማየት ይበቃል፤ መዥገር ከሆነ እግሮቹ ከቆዳው አጠገብ ይታያሉ።

ከዳማ ግራ ጆሮ ሥር የምስር ፍሬ የምታህል ግራጫ መዥገር ተጣብቃ ተገኘች። ልጄ ድመቷን በወፍራም ፎጣ ጠቅልላ ጭንቅላቷን ብቻ አስወጥታ ያዘችልኝ፤ እኔም ጓንት አጥልቄ ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ መዥገሯን ከሆዷ ላይ ሳይሆን ቆዳው ውስጥ ከተተከለው አፏ ላይ ያዝኳት። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የትዕግሥት ነው፤ ሳይጠመዝዙና ሳይነጥቁ፣ በአንድ ዓይነት ኃይል ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ ያስፈልጋል። ቆዳው ከወረንጦው ጋር ትንሽ ከፍ ይልና ምንም የማይለቅ እስኪመስል ድረስ ይቆያል፤ ከዚያም በድንገት ይለቃል። በማጉያው ስመለከታት አፏ ላይ ነጭ ቅራፊ ተጣብቆ ነበር። ብዙ ዓይነት መዥገሮች ሲነክሱ ፈጥኖ የሚደርቅና የሚጠነክር ፈሳሽ ስለሚያመነጩ በጣት ሲጎተቱ አሻፈረኝ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። የአፉ ስባሪ ቆዳ ውስጥ ቢቀር በመርፌ መቆፈር አያስፈልግም፤ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ይገፋዋል፣ በቦታው ላይ ትንሽ እብጠት ግን ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ጎረቤታችን እማማ በአጥሩ በኩል ሆነው ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ምን አደከመህ? ላምባ ጠብ አድርግበት፣ ራሱ ይወድቃል» አሉኝ። «እማማ፣ ትልሰዋለች እኮ» አልኳቸው። ላምባ ቆዳን ያቃጥላል፤ ድመቷ ስትልሰው ወደ ሳንባዋ ሊገባና ለከባድ የሳንባ ሕመም ሊዳርጋት ይችላል። ቅቤ መቀባትም ሆነ የክብሪት እሳት ማስጠጋት የተሻለ አይደለም፤ የተቆጣ መዥገር የሆዱን ፈሳሽ ወደ ቁስሉ መልሶ ሊተፋ ስለሚችል፣ በሽታ ተሸክሞ ከሆነ በሽታውንም እያስገባ ነው ማለት ነው። በጥፍር ማፍረጥና በድንጋይ መጨፍለቅም በዚሁ ምክንያት ቀረ። የተነቀለው ሁሉ በየወሩ ምልክት እየተደረገበት አልኮል ባለው ብልቃጥ ውስጥ ይቀመጣል።

ሰኔ፣ ክረምቱ ሳይጠና

የብልቃጡን ይዘት በነጭ ሳህን ላይ ገልብጬ ለየሁት። አብዛኛው አንድ ወጥ ቡናማ ነው፤ በጀርባው ላይ ቀለምም ሆነ ነጠብጣብ የለውም፣ የጭንቅላቱ መሠረት በማጉያ ሲታይ ባለ ስድስት ማዕዘን ነው። ይህ ቡናማው የውሻ መዥገር ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ሪፒሴፋለስ ሳንጉዊኒየስ ይባላል። ከጥቁሬ አንገት የተነቀሉት ሁለት ሦስት ግን አነስ ያሉና ወደ ቢጫ የሚያደሉ ስለሆኑ ለብቻ አስቀመጥኳቸው።

ቡናማው መሆኑ ሲታወቅ የሥራው አቅጣጫ ተለወጠ። ይህ መዥገር በተለይ የሚፈልገው ውሻን ነው፤ ድመት ላይ የሚወጣው በአጠገቡ ስላገኛት ነው። ከሌሎች መዥገሮች የሚለየው ደግሞ ሣር ሳያስፈልገው በቤት ውስጥ መኖርና መራባት መቻሉ ነው። ከእንቁላል ሲወጣ ባለ ስድስት እግር እጭ ነው፤ ደም ጠጥቶ ይወርድና ቆዳውን ቀይሮ ባለ ስምንት እግር ታዳጊ ይሆናል፤ ታዳጊውም እንደገና ወጥቶ ጠጥቶ ወርዶ ጎልማሳ ይሆናል። በእያንዳንዱ ደረጃ በእንስሳው ላይ የሚቆየው ጥቂት ቀናት ወይም ሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ የቀረውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ደም የጠገበች ሴት መዥገርም ወርዳ በስንጥቁ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎችን ጥላ ትሞታለች። ጎልማሳው ምግብ ሳያገኝ ከአንድ ዓመት በላይ መቆየት ስለሚችል ውሻውን ለጊዜው ሌላ ቦታ አሳድሮ መዥገሩን በረሃብ ለመፍጀት ማሰብ አያዋጣም። በእኔ ግምት በዳማ ጆሮ ላይ ከምናየው አንድ መዥገር ጀርባ በቡቺ ማደሪያ ውስጥ የተሸሸጉ ብዙዎች አሉ፤ ወረንጦውም የሚለቅመው የትርፉን ትርፍ ነው።

መድኃኒት ፍለጋ ወደ አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ሄድኩ። ሻጩ ትሑት ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ለከብት ነው ለውሻ?» ሲል ጠየቀኝ። ለድመት መሆኑን ስነግረው፣ «ለድመት ተብሎ የመጣ የለንም፤ ግን ይህን አሳንሰው በውኃ በጥብጠው ያጥቧት» ብሎ አሚትራዝ አወጣ፤ ከጎኑ ዲያዚኖን ነበር። ሁለቱም ለከብትና ለበግ መዥገር በሀገራችን በብዛት የሚሠራባቸው ናቸው፤ ለድመት ግን ሁለቱም አይሆኑም። አሚትራዝ ድመትን ያፈዛል፣ የልብ ምቷን ያዘገያል፤ ዲያዚኖን ደግሞ ለሃጭ ያዝረከርካል፣ ያንቀጠቅጣል፣ እስትንፋስ ያሳጥራል። «አሳንሶ» የሚለው ምክር በቅን ልቡና የተሰጠ ቢሆንም ሁለት ነገሮችን ይዘነጋል፦ ድመት የተቀባችውን ሁሉ ልሳ ትውጠዋለች፤ በጉበቷም ውስጥ ሌሎች እንስሳት ብዙ ኬሚካሎችን የሚያስወግዱበት ግሉኩሮኒዴሽን የተባለው መንገድ በእጅጉ ደካማ ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ፐርሜትሪን ነው። ለውሻ ጀርባ ተብለው በሚዘጋጁ አንዳንድ ጠብታዎች ውስጥ መጠኑ ከ45 እስከ 65 በመቶ ይደርሳል፤ ውሻ ያለ ችግር ይችለዋል፣ ድመትን ግን በሰዓታት ውስጥ ሊያንቀጠቅጣት፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥላትና ሊገድላት ይችላል። የተቀባ ውሻ አጠገብ መተኛትም ለጉዳት ይበቃል። ዳማ የምትተኛው ከቡቺ ጎን ስለሆነ ለውሻውም ቢሆን ፐርሜትሪን ያለበት ነገር ወደ ግቢው እንዳይገባ ወስኛለሁ።

ሰኔ፣ ሁለተኛው አጋማሽ

ሁለቱንም ድመቶች በካርቶን ውስጥ አድርጌ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኳቸው። ሐኪሙ መጀመሪያ ከንፈራቸውን ገልጦ ድዳቸውን ተመለከተ፤ መዥገር የበዛበት እንስሳ በተለይም ግልገል ከሆነ ደም ሊያንሰው ስለሚችል የድድ መገርጣት የመጀመሪያው ምልክት ነው። የሁለቱም ድድ ጤናማ ሮዝ ነበር። ዳማ 3.2 ኪሎ ግራም፣ ጥቁሬ 4.1 ኪሎ ግራም መዘኑ። ለድመቶቹ ፊፕሮኒል የተባለውን የጀርባ ጠብታ መከረኝ፤ በ9.7 በመቶ የተዘጋጀና ለአንድ ድመት 0.5 ሚሊ ሊትር የያዘ ትንሽ ቱቦ ነው፤ ከ8 ሳምንት በታች ለሆነ ግልገል አይሰጥም። ለቡቺ ደግሞ በክብደቱ ልክ የሚዋጥ የፍሉራላነር ክኒን አዘዘለት፤ በደም ውስጥ ስለሚሠራ ከጠጉሩ ላይ ዳማ የምትልሰው ነገር አይኖርም።

ጠብታውን በቅርብ ስላላገኘሁ ለክረምት ከሜሪላንድ የምትመጣውን እኅቴን ጠየቅኳት። ከመደብሩ ሆና የሳጥኖቹን ፎቶ በቴሌግራም ስትልክልኝ፣ «ይኸው የድመት ሥዕል ያለበት» ብላ አንዱን አመለከተችኝ። ሥዕሉ በቀይ መስመር የተሰረዘ ድመት ነበር፤ ማለትም ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ሆኖ ለድመት ክልክል መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ምልክት ነው። «እኅቴ፣ ሥዕሉን ተይውና ንጥረ ነገሩን አንብቢልኝ» አልኳት። ከውጭ ዘመድ የሚያመጣውን መድኃኒት የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ሳይገዛ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ቢያስነብብ መልካም ነው።

እስከዚያው ድረስ ማደሪያውን መፈተሽ ጀመርኩ። ቡናማው መዥገር ከእንስሳው ሲወርድ ወደ ላይ የመውጣት ጠባይ ስላለው ከወለሉ ይልቅ ጣሪያውና የግድግዳው የላይኛው ክፍል ነው መታየት ያለበት። በባትሪ እያበራሁ በቢላ ጫፍ በማዕዘኑ ላይ የተላቀቀውን የጭቃ ልስን ሳነሣው ከሥሩ ደም የጠገቡ ሴቶች ተደርድረው፣ ከፊታቸውም ጥቁር ቡናማ ሆኖ የሚያብረቀርቅ የእንቁላል ክምር ተገኘ። ክምሩ በቢላው ሲነካ እርስ በርሱ ስለተጣበቀ ሳይበተን ይነሣል፤ እያንዳንዱ እንቁላል ግን ለብቻው ሲታይ ከአሸዋ ቅንጣት አይበልጥም። የተፋቀውን ሁሉ ከአሮጌው የጭድ መኝታ ጋር በጉድጓድ ውስጥ አቃጠልኩት፤ በየስንጥቁ የፈላ ውኃ ተደፋበት፤ ከደረቀ በኋላ አንድ ግንበኛ የውስጡንና የውጩን ግድግዳ በሲሚንቶ ለሰነው፤ በላዩም ኖራ ተቀባ። ኖራው መዥገር ይገድላል ብዬ አይደለም፤ በነጭ ግድግዳ ላይ የሚሄድ ቡናማ ነገር ከሩቅ ስለሚታይ ነው። በማደሪያው አራት የእንጨት እግሮች ዙሪያ ሙጫው ወደ ውጭ የሆነ ሰፊ ፕላስተር ጠቀለልኩ፤ የሚወጣውና የሚወርደው እዚያ ላይ እንዲያዝ ነው።

ሐምሌ

ቡቺ ክኒኑን በሥጋ ውስጥ ዋጠ። ፍሉራላነር የሚገድለው የነከሰውን መዥገር ስለሆነ፣ ውሻው እንደ ወትሮው በማደሪያው እንዲያድር ማድረግ የሥራው ዋና ክፍል ነው። ከስንጥቁ ተርበው የሚወጡት ወደሚያውቁት ሽታ ይመጣሉ፣ ይነክሳሉ፣ ይሞታሉ። ብዙ ሰው ውሻው መዥገር ሲያፈራ አስሮ ወደ ሌላ ጥግ ያርቀዋል፤ ይህ ግን መዥገሩን ወደ ድመቷና ወደ ሳሎን እንዲሄድ መምራት ነው። በተቃራኒው ወደ ማደሪያው መግባት የተከለከለችው ዳማ ናት፤ መግቢያው ለቡቺም የሚጠብ ስላልሆነ ክልከላውን ማስከበር አልተቻለም፣ ስለዚህ በረንዳው ላይ ፀሐይ በሚያርፍበት ቦታ በብርድ ልብስ የተነጠፈ ሣጥን አዘጋጀሁላት። ድመት የምትመርጠው ሙቀትን እንጂ ባልንጀርነትን እንዳልሆነ ሣጥኑ አስመሰከረ።

እኅቴ የፊፕሮኒሉን ጠብታ ይዛ መጣች። አቀባቡ ቀላል ቢመስልም ቦታው ወሳኝ ነው፤ ከራስ ቅሉ በታች፣ በማጅራት ላይ፣ ጠጉሩን በጣት ከፍሎ የቱቦውን አፍ ቆዳው ላይ አሳርፎ መጭመቅ ነው። ጠጉር ላይ ብቻ ከፈሰሰ ይባክናል፤ ወደ ጀርባ ዝቅ ካለ ደግሞ ትልሰዋለች። ጥቁሬ ዞር ብሎ ጥቂት ቀምሶ ለአጭር ጊዜ ለሃጩን አዝረክርኮ ነበር፤ ይህ ከመራራነቱ የመጣ ስለሆነ ወዲያው አለፈ። መንቀጥቀጥ ወይም መንገዳገድ ቢታይ ግን ነገሩ ሌላ ስለሚሆን በቀጥታ ወደ ሐኪም መሮጥ ነበረብን። መድኃኒቱ በቆዳ ቅባት አማካይነት ወደ መላ ሰውነት ስለሚሠራጭ ከመቀባቱ በፊትና በኋላ ለሁለት ቀናት አልታጠቡም። ሁለቱንም እስኪደርቅ ድረስ በተለያየ ክፍል አቆየኋቸው፤ እርስ በርስ ይላላሳሉና። የጎረቤት ልጆች ጥንቸሎች ስላሏቸው የተረፈው ቱቦ ለእነርሱ እንዳይሰጥ ነገርኳቸው፤ ፊፕሮኒል ጥንቸልን ይገድላል።

በማግሥቱ ዳማ ላይ መዥገር ስናገኝ ልጄ መድኃኒቱ አልሠራም ብላ አዘነች። ፊፕሮኒል መዥገርን ለመግደል እስከ 48 ሰዓት ሊወስድበት ይችላል፤ የሞተውም ተጣብቆ ሊቆይ ይችላል። በወረንጦው ስነካው እግሮቹ ተሰብስበው ደርቀው ነበር፤ በቀላሉም ወጣ። የዕለት ፍተሻው ግን አልተቋረጠም፤ መዥገር ተጣብቆ የሚቆይበት ጊዜ ባጠረ ቁጥር በሽታ የማስተላለፍ ዕድሉም ያንሳል። ቡናማው መዥገር በተለይ በውሻ ላይ ኧርሊኪያና ባቤዚያ የተባሉትን በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ያስተላልፋል፤ ለሰውም ትኩሳትና ሽፍታ የሚያመጣ ሪኬትሲያ ሊያደርስ ይችላል። ጓንቱ ከእጄ የማይለየው ለድመቶቹ ብቻ ብዬ አይደለም።

ነሐሴ

በፕላስተሩ ላይ ብዙ እጮች ተይዘዋል፤ በዐይን ሲታዩ የተበተነ በርበሬ ከመምሰል አያልፉም፣ በማጉያ ግን ስድስት እግራቸው ይቆጠራል። በኖራው ላይ የሚታዩት ጎልማሶች ከሳምንት ሳምንት እየቀነሱ ነው። በምቹ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ ለመድረስ ሁለት ወር ያህል ስለሚበቃው፣ ከልስኑ በፊት የተጣሉት እንቁላሎች ውጤት እስከ መስከረም ድረስ ብቅ ማለቱ አይቀርም።

ጥቁሬ ላይ የሚገኙት ቢጫዎቹ ግን አልቀነሱም፤ መነሻቸውም ማደሪያው አይደለም። በማጉያ ሲታዩ ከአፋቸው ግራና ቀኝ ያሉት አጫጭር እጆች ወደ ጎን ሾል ብለው ይወጣሉ፤ ይህ የሄማፊሳሊስ ወገን መለያ ነው፣ ቢጫው የውሻ መዥገር የሚባለውም ከእርሱ ነው። የዚህኛው እጭና ታዳጊ የሚያድጉት በአይጦች ላይ ሲሆን ጎልማሳው ወደ ውሻና ወደ ድመት ይወጣል፤ አይጥ አዳኝ ድመት ሁለቱንም በአንድ ሣር ውስጥ ያገኛቸዋል። ይህን ለማረጋገጥ አንድ ሜትር አቡጀዲ በዱላ ላይ ሰፍቼ ጠል በረገፈ ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ባለው ሣር ላይ ቀስ እያልኩ ጎተትኩት። መዥገር ሣር ጫፍ ላይ ሆኖ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ የሚያልፈውን ይጠብቃል፤ አቡጀዲው ሲያልፍም ይይዘዋል። ጥላ በሆነው ጉድባ በኩል ቢጫዎቹ ተገኙ፤ ፀሐይ በሚመታውና በታጨደው በኩል ምንም አልነበረም። እርጥበት ሲያጡ ስለሚደርቁ ጉድባው ዳር ያለው ሣር ሁሉ እንዲታጨድ አደረግሁ፤ እንጨት የተከመረበትን የአይጥ መደበቂያም አነሣሁት። ጥቁሬ ሌሊቱን ቤት እንዲያድር የተደረገው ሙከራ የቤተሰቡን እንቅልፍ ከማሳጣት በቀር ፍሬ አላፈራም።

መስከረም

ለእንቁጣጣሽ የተገዛው በግ ግቢ ከመግባቱ በፊት ጅራቱን አንሥቼ አየሁት፤ እግራቸው ቀይ የሆነ መዥገሮች በፊንጢጣው ዙሪያ ተጣብቀዋል። ይህ ሪፒሴፋለስ ኤቨርትሲ ነው፤ ለድመቶቹ ብዙም የሚያሰጋ ባይሆንም ነቅዬ ወደ ብልቃጡ ከተትኩት። በጉ ከማደሪያው ርቆ ታሰረ። ዶሮዎቹ በዙሪያው መሬት ሲጭሩ የወደቁትን ሲለቅሙ አየሁ፤ ዶሮ መዥገር መብላቷ እውነት ነው፣ ከስንጥቅ ውስጥ ግን አታወጣውም።

የድመቶቹ ጠብታ በየወሩ ይደገማል። የቡቺ ክኒን ውጤቱ ወደ ሦስት ወር ስለሚዘልቅ ቀጣዩ በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው።

ጥቅምት

ዳማ ላይ ምንም አልተገኘም፤ ጥቁሬ አልፎ አልፎ አንድ ቢጫ ይዞ ይመጣል። በኖራው ላይም ሆነ በአዲሱ ፕላስተር ላይ አዲስ ነገር የለም። አሁን የቀረው የእማማ ውሻ ነው፤ በአጥሩ ቀዳዳ እየገባ ከቡቺ ጋር ይውላል፣ ጆሮውም ውስጥ ቡናማዎቹን አይቻለሁ። እማማ ስለ ላምባው ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ ይሁን እንጂ ለውሻቸው ክኒን ካመጣሁ እንደሚያውጡት ቃል ገብተውልኛል። በመጪው ቅዳሜ ሁለቱ ውሾች ተመዝነው በአንድ ቀን ይሰጣቸዋል፤ የእማማ ውሻ የሚተኛበት የድንጋይ ካብም በባትሪ ይፈተሻል።